ከኋላ የሚቆለፍ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ የልጇን የትምህርት ቤት ሱሪ ስትሰፋ ሦስት ቀን ፈጀባት። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ግማሽ ቀንም አይወስድባትም። ማንገቻዎቹ ጀርባ ላይ ተሻግረው በአራት ቁልፍ ይያዛሉ፤ የቁልፎቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ በእጇ ነው የዘመዘመችው። የአምስት ዓመቷ ሚጢ ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም የእናትየው ፊት በራ።

የባሏ እህት በሩን ተደግፋ አየቻቸው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ልብስ ስታይ ቀድሞ የሚታያት እንዴት እንደሚወልቅ ነው።

«ሽንቷ ሲመጣ ማን ሊፈታላት ነው?»

«መምህሯ ትፈታላታለች።»

«መምህሯ ሠላሳ ልጅ አለባት። ወገቡን ላስቲክ አድርጊው።»

«ላስቲክ የሰነፍ ሰፊ ሥራ ነው፣ እትዬ። ለበሽተኞችዎ ያድርጉላቸው።»

«ለወንድሜ ልጅ ብዬ ነው እንጂ ላንቺ የእጅ ሥራማ ደንታም የለኝ።»

በአንድ ጣሪያ ሥር ስድስት ዓመት የኖሩት እንዲህ እየተዋጉ ነው፤ አንዷ «እርስዎ» እያለች፣ ሌላዋ ያለ ይሉኝታ።

ክረምቱን ሙሉ እናትየው ልጇን ስታዘጋጅ ከርማለች። ስሟን መጻፍ፣ ቦርሳዋን መስቀል፣ ምሳ ዕቃዋን መክፈት፣ ሁሉንም አስተምራታለች። ሱሪ መፍታት ግን ትዝም አላላት። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምትፈታላት ራሷ ነበረች።

ሰኞ ሚጢ የሰው ሱሪ ለብሳ፣ የራሷን እርጥቡን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ማክሰኞም እንደዚያው። ማክሰኞ መምህርቷ በሩ ድረስ ወጣች።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግን ደንባችን ሽንት ቤት ራሱን ችሎ የማይገባ ልጅ አይቀበልም። ነገም ከደገመች ለሚቀጥለው ዓመት ይዘዋት ይመጣሉ።»

«ቁልፍ መፍታት ይህን ያህል ከባድ ነው?»

«እሱን ስትታገል ነው ሁለቴም ያመለጣት። ለመሆኑ ይህን የሰፋው ሰው ልጅ የሚባል አይቶ ያውቃል?»

በሰፈሩ በአፏ የምትፈራው ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ ማለት አቃታት።

ቤት ሲደርሱ ሚጢ ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ተቀመጠች።

«ነገ አልሄድም። ስም አውጥተውልኛል።»

«ማን ብለው?»

«ፌስታል።»

አክስትየው ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ፌስታል እንኳ በአንድ እጅ ይፈታል» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አነሳች። ማንገቻዎቹን ቆረጠች፤ የሦስት ቀን ልፋቷ መሬት ላይ ወደቀ። ከዚያ መሳቢያዋን ብትበረብር ላስቲክ የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቅል ላስቲክ ጠብ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለዎት?»

«ከሰኞ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ኪስዎ ውስጥ ይዘው፣ ልጅቷ ስትረጥብ ዝም አሉ?»

«ብሰጥሽ ትቀበይኝ ነበር?»

አትቀበላትም ነበር። ደሟን ያፈላው እሱ ነው። መርፌዋን እንደ ጠላት እየወጋች ሰፋችው፤ ወገቡ የተጨማደደ፣ ዓይን የማይገባ ሱሪ ሆነ። እስኪመሽ ሚጢ አወለቀች፣ ለበሰች፣ አወለቀች። ሁለቱ ሴቶች ከወዲያና ከወዲህ ሆነው አዩዋት።

ረቡዕ ሁለቱም በሩ ላይ ተገኙ፤ የመጡት ግን ለየብቻ ነው። ሚጢ ስትወጣ እናትየው ቀድማ ያየችው ሱሪውን ነው። ደረቅ ነው። ፊቱ ግን ወደ ኋላ ዞሯል። ልታስተካክልላት ጎንበስ ስትል ልጅቷ ወገቧን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንኪው። ራሴ ነኝ የለበስኩት።»

አክስትየው በአፍንጫዋ ሳቀች። ሚጢ ወደ እሷም ዞረች። «አንቺም።»

ሳቁ ተቋረጠ። ልጅቷ ሱሪዋን እንደጨበጠች ቀድማቸው ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የተዘረጋ እጇን ሰብስባ፣ ይህን ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ ሳይመጣ ተከተለቻት።