ማርዋ ያልጨረሰችው መጽሐፍ

ሳሊሀን እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲያስገቧት፣ ታናሽ እህቷ ማርዋ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ሕፃኗ በሰላም ተወልዳለች። የእናትየው ደም ግን አልቆም ብሏል።

የሳሊሀ ባል ናስር ቡና ሊያስጭን ቴፒ ሄዷል። ምጡ ከታሰበው ቀን ቀድሞ ነው የመጣው። ማርዋ ስትደውልለት "መንገድ ላይ ነኝ፤ ጭቃው…" ሲል ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጥሪ አይቀበልም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉን ገለጠች።

ከሐይቅ ሥር ወዳለ መንግሥት ስለወረዱ ሁለት እህትማማቾች የሚተርክ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ማርዋና ሳሊሀ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አማን ከተማ ባለው የአባታቸው ሱቅ ውስጥ እየተቀባበሉ አንብበዋቸዋል። ሁለተኛው ቅጽ ያለቀው ታላቂቱ በቀስት ተመትታ ስትሞት ነው። ያን ቀን ሳሊሀ እንባዋ እየወረደ ነበር ለደንበኛ ስኳር የመዘነችው። ሦስተኛው ቅጽ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የደረሳቸው በዚህ ሳምንት ነው። ሳሊሀ ሆዷን ደግፋ "ስወልድ አብረን እንጀምረዋለን፤ ወየውልሽ ብትቀድሚኝ!" ብላት ነበር።

አሁን ቀደመቻት። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ሐይቅ ሥር የቀረችው ታናሽ እህት፣ እህቷ ከሞተች በኋላ እንዴት አድርጋ ኖረች?

ጥቂት ገጾች ገለጠች። ታናሺቱ በሬሳው ግንባር ላይ እጇን አሳርፋ "ተነሺ" አለች። ታላቂቱ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራግፋ "ራበኝ" ብላ ሳቀች። በቀጣዩ ምዕራፍ ሁለቱም ለልዑሉ ግብዣ ጸጉራቸውን ይሠራሉ።

ማርዋ ወደ ኋላ ተመልሳ አነበበችው። የዘለለችው ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ ለቅሶ ለዚህ ነው? ከሞት ተነሥታ ጉልበቷ እንኳ አልራደም እኮ!

አጠገቧ ምራታቸውን ሊያስታምሙ የመጡት እትዬ ዓለምሸት ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ምን ይላል ልጄ?"

"ምንም አይልም።"

"ታዲያ ምን ያለፋሻል? ተይዋ።"

"ከተውኩት ያንን በር ማየት ልጀምር ነው እትዬ።"

እትዬ ዓለምሸት ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ከትከሻዋ አገናኙ። ማርዋ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ገጹን አላጠፈችም፣ ምልክትም አላደረገችበት። ቀና ስትል በሩ እዚያው አለ፤ ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። ድምፅ አለመኖሩ ከምንም በላይ አስፈራት።

በሩ ተከፈተና ሲስተር ልዩ ብቅ አለች።

"የሳሊሀ ቤተሰብ! ያለውን ደም ሰጥተናታል፤ ተጨማሪ ያስፈልጋል። የሚሰጥ አለ?"

ማርዋ ትምህርት ቤት ክትባት ሲሰጥ መርፌውን ገና ስታየው ነበር ወድቃ ውኃ የረጩባት።

"እኔ አለሁ" አለች። ድምፅዋን ራሷም በቅጡ አልሰማችውም።

"ዕድሜሽ?"

"ሃያ።"

"ነይ ቶሎ።"

ደሟ ተመርምሮ ከእህቷ ጋር ይስማማል ተባለ። መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ እያደባለቀች አለችው። ሳሊሀ ሞታ እሷ አባታቸውን ስታረዳ፣ ናስርን በር ላይ ስትቀበለው ታያት። "በይ ጨርሰናል" ሲሏት መርፌው መቼ እንደወጣ እንኳ አላወቀችም።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሐኪሙ ወጣ። "ደሙ ቆሟል። ግን ገና እንከታተላታለን" አለ። ማርዋ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሰማችው ሁለተኛውን ነው።

ማርዋን ሲያስገቧት ሳሊሀ ከንፈሯ አመድ መስሎ ተኝታለች። ማርዋ ልትነካት ፈራች።

"አነበብሽው አይደል?" አለች ሳሊሀ፣ ዓይኗን በግማሽ ከፍታ።

"ጀምሬ ተውኩት። በአንድ ቃል አስነሣቻት።"

"በአንድ ቃል?" ሳሊሀ ልትስቅ ሞክራ አመማት። "ሞኞች።"

ደክሟት ዓይኗን መልሳ ከደነች። ማርዋ ደንግጣ ጆሮዋን ወደ እህቷ አፍንጫ አስጠጋች፤ ትተነፍሳለች። ናስር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲገባ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለች አገኛት።

"እንዴት ናት?" አላት።

"ዝም በል፣ እየሰማኋት ነው" አለችው።