ሚኒባሷ የጠጣችው ውሃ

የአባታቸው እርሻ ለፋብሪካ በተወሰደ ጊዜ ደበላና ታናሽ ወንድሙ መገርሳ በካሳው አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዙ። ጠዋት ደበላ፣ ከሰዓት መገርሳ እየተፈራረቁ ከአቃቂ ሳሪስ ይሠሩባት ጀመር። ከርማ ከርማ ሚኒባሷ ውሃ ማጉደል አመጣች።

ደበላ ማለዳ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት ውሃው ወርዶ ያገኘዋል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹን በእጁ ይዳብሳል፤ ጠብታ የለም። ያልፈሰሰ ውሃ፣ ያልተሞላ ውሃ ነው አለ በልቡ። መገርሳ ደግሞ በዚያ ሰሞን መጠጥ ቀማምሶ መምጣት ጀምሯል።

«ሳትሞላ ነው የምትነዳት» አለው ደበላ።

«ኧረ ሞልቻለሁ!»

«ታዲያ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ነገሩ እየከረረ ሄደ። እናታቸው እማማ አደሴ «ለአንድ ብረት ብላችሁ ልትጋደሉ ነው?» እያሉ ቢለማመጡም ሰሚ አላገኙም።

አንድ ቀን መገርሳ አቃቂ ታክሲ ተራው ላይ ሲደርስ ሚኒባሷ እንፋሎት ትተፋ ነበር። እዚያው ይጠብቅ የነበረው ደበላ በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት ጮኸበት።

«ሌባ እንኳ ሰርቆ ይበላል! አንተ ግን የአባታችንን መሬት ነው የምታቃጥለው!»

መገርሳ ከሚኒባሷ ዘሎ ወረደ። «ከሳሪስ ስነሳ አፍ እስካፉ ሞልቻታለሁ። ና፣ በዓይንህ እይ!» አለና የፊት ወንበሩን አንስቶ ክዳኑን በጨርቅ ያዘ።

የጋለ ራዲያተር እንደማይከፈት ደበላ ያውቃል። ተው ሊለው ነበር፤ ንዴት አንደበቱን ያዘው። የፈላው ውሃ ቡልቅ ብሎ የመገርሳን ፊት ለበለበው። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከየታክሲው ወረደ፤ መገርሳን አንስተው ሆስፒታል አደረሱት።

ደበላ ሚኒባሷን አስጎትቶ ሳሪስ ለሚሠራው መካኒክ ለሙህሲን ሰጠ። ሙህሲን ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ውሃ ሞላና ክዳኑን ሳይገጥም አስነሳው። ውሃው እንደ ድስት ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጣ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታ፤ አንዷ ብቻ ታጥባ የወጣች ይመስል ነጽታለች። በመጨረሻ የሞተሩን የላይኛውን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አወረደና በጣቱ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አሳየው።

«በዚህ ነው የሚገባው። ሞተሩ ውስጥ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል። ከውጭ ምን ብትፈልግ አታገኘውም።»

«ወንድሜ ይሞላ ነበር ማለት ነው?»

«ባይሞላማ ሞተሩ ድሮ ግሎ ነክሶ ይቀር ነበር።»

ደበላ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሆስፒታል ሄደ። መገርሳ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንደኛው ዓይኑ እንደማያይ ሐኪሙ ቀድሞ ነግሯቸዋል።

«መጌ፣ ቴስታታው ነው የተሰነጠቀው። አንተ ሞልተህ ነበር።»



«ይሄን እኔ ስነግርህ አልነበር?» አለ መገርሳ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሆስፒታል ሲወጣም ወደ ቤት አልተመለሰም፤ አክስታቸው ዳሲቱ ዘንድ ገባ። ደበላ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። አክስቱ በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝቷል ልጄ» ይሉታል። ከውስጥ የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀየር ይሰማል።