ባለ ጠቋሚው ቁልፍ

ቼቦይ ያን ማክሰኞ ጠዋት ከኢቴን ወደ ኤልዶሬት የሄደው ቁልፍ ሊገዛ ነበር። ቁልፍ ሲባል የቤት አይደለም፤ የመኪና ዳዶ ሲያጠብቁበት ልኩ መድረሱን የሚናገር፣ መካኒኮች ቶርክ ሬንች የሚሉት ነው። እስከዚያ ድረስ የቼቦይ ልክ የገዛ ክንዱ ነበር። ዕድሜውን የድንጋይ መፍጫ ማሽን ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው በመሆኑ በክንዱ ይተማመን ነበር። አምና ግን ጎማ ሲያስር ከመጠን በላይ ስቦ ቡሎኑን በጠሰው። የሚስቱ ወንድም ኪፕላጋት ይህን ከሰማ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "አማቼ እኮ ብረት እንደ ሸንኮራ ነው የሚሰብረው" እያለ ያስቅበታል።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ግቢው ውስጥ የፊት ፍሬን ሸራ ሲቀይር ክንዱን ፈራው። ዳዶዎቹን አሰረ፤ ደግሞ እንዳይበጠስበት ሰግቶ ቶሎ ተወው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሚስቱ ጄሮቲች በግራ በኩል ከፊት ጎማ የሚንኳኳ ነገር እንዳለ ነገረችው። ቼቦይ መስኮቱን ከፍቶ ከቤታቸው አጠገብ ያለውን ሜዳ አንድ ዙር ነዳ። ምንም የለም። ኮረኮንቹ ነው አላት። ደግማ ብትነግረው ተቆጣና መኪናውን የሚጠግነው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ጄሮቲች ወርዳ ወደ ጓዳ ገባች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዝም ማለት ለምዳለች።

ሆኖም ነገሩ ከልቡ አልወጣለትም። በልክ የሚያስር ቁልፍ ገዝቶ ሁሉንም ዳዶ አንድ በአንድ ቢያጠብቅ ክርክሩም ያበቃል ብሎ ነው ማክሰኞ በሚኒባስ የተነሳው። መኪናውን ለጄሮቲች ተወላት። ጄሮቲች ነርስ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የክትባት ሳጥን ጭና ቁልቁለቱን ወርዳ ኬሪዮ ሸለቆ ያሉትን እናቶች ታያለች።

የመሣሪያ ሱቁ ባለቤት ሙካሚ የምትባል ሴት ናት። ሁለት ቁልፎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አንደኛው የሚያብረቀርቅ ነው፤ ልኩን እጀታው ላይ ይሞሉታል፣ ሲደርስ "ቀጭ" ይላል። ሁለተኛው ተራ ብረት ሆኖ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አለው፤ ሲስቡት ቀጭን ጠቋሚ በቁጥሮቹ ላይ ትሄዳለች። ቼቦይ ዐይኑን ከሚያብረቀርቀው ላይ መንቀል አቃተው። ይህን ይዞ ኪፕላጋት ፊት ሲቆም ታየው።

ሙካሚ ደንበኛ እንዲሞክር ብላ ጠረጴዛው ላይ በተተከለ መቆንጠጫ፣ በሞርሳ፣ ያሰረችው ቡሎን አላት። ልኩን ራሷ ሞልታ ሰጠችው። ቀስ ብሎ እንዲስብ፣ ሲጮህ እንዲያቆም ነገረችው።

ቼቦይ እንደ ልማዱ በኃይል ሳበ። ምንም አልሰማም። ለቀቀና ደገመው። አሁንም ምንም። ሦስተኛውን ሲስብ ሞርሳው ከነጠረጴዛው ተንገጫገጨ፤ ሙካሚ ክንዱን ያዘችው።

"አባቴ፣ ይበቃል።"

"ገና አልጮኸም እኮ።"

"ጮኋል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እሱ ቃሉን ያገኘው ከከንፈሯ ነው። "ለቀው ሲደግሙትም ጮኋል። አልሰሙትም?"

በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ደንበኞች ወደ መሬት አዩ። ቼቦይ ሊያስተባብል አፉን ከፈተ። ሰምቻለሁ፣ ቁልፉን ልፈትነው ብዬ ነው ሊል ነበር። ግን ተወው። ይህን ካልሰማ፣ እሁድ ዕለት ያልሰማው ምን ነበር?

ሰዓቱን አየ። ጄሮቲች መነሻዋ ደርሷል። ደወለ፤ አታነሳም። እየነዳች ስልክ የምታነሳ ሴት አይደለችም።

"ባለ ጠቋሚውን ስጪኝ" አለ። "ጫፉ ላይ የሚገጠመውን የጎማ ዳዶ ራስም ጨምሪበት። ቶሎ።"

የመልሱ ሚኒባስ ሰው ሊጭን በቆመ ቁጥር ቼቦይ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ቁልፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጋግሞ ይደውላል። ኢቴን ሲደርስ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ክትባቱ ስለዘገየባት አሁን ገና ወጣች፣ ስልኳንም እዚህ ረስታዋለች አለው። ሞተር ብስክሌት አስቁሞ ከነጂው ኋላ ተፈናጠጠና ቁልቁለቱን ተያያዙት።

ያ መንገድ በአንድ ወገኑ ቋጥኝ፣ በሌላ ወገኑ ገደል ነው። ነጂው ዞር እያለ አንድ ነገር ይለዋል፤ ለቼቦይ የሚደርሰው ንፋስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሰዎች ጠርዙ ላይ ተደርድረው ወደ ታች ሲያዩ ተመለከተ። ነጂውን አስቆመ። ወርዶ በሰዎቹ መሀል ገባና ወደ ገደሉ አየ። ከጭነት መኪና የወደቀ የበቆሎ ጆንያ ተቀድዶ ቁልቁል ተበትኗል፤ ሌላ ምንም የለም። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነጭ መኪና አይታ እንደሆነ ጠየቃትና ጆሮውን አስጠጋ።

"አልፋለች" አለችው እየጮኸች። "እንደ አንካሳ አህያ እያነከሰች።"

ተመልሶ ተፈናጠጠ። ከዚያ በኋላ ባለው መታጠፊያ ሁሉ መኪናዋን ይጠብቅ ነበር፤ በየመታጠፊያው ባዶ መንገድ። ታምባች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አያት። መኪናዋ ወደ ቋጥኙ ተጠግታ ቆማለች፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተወትፏል። ጄሮቲች ጥላው ውስጥ የክትባት ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች።

ቼቦይ ሮጠ። አጠገቧ ደርሶ ቁልፉን መሬት ላይ አኖረ።

"መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ቆምኩ" አለች፤ ቀና ብላ አላየችውም። "ይንኳኳል ስልህ ኮረኮንቹ ነው አልከኝ።"

"አልሰማሁትም።"

"ነገርኩህ እኮ።"

"የኪማይዮ እናት" አላት በልጃቸው ስም ጠርቶ፤ " ጆሮዬ አይሰማም። ከጓዳ ስትጠሪኝም አይሰማኝም። ቀኙ ከሞተ ቆይቷል፤ ግራውም እየተከተለው ነው።"

አሁን ቀና ብላ አየችው።

"እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር" አለች።

ቼቦይ ክሪኩን አወጣና መኪናዋን አነሳ። ከአምስቱ ዳዶዎች አንዱ የለም፤ የቀሩት በጣት ይዞራሉ። ጥርሳቸውን በጨርቅ ጠርጎ መረመረ፤ አልተበሉም። በተራ ቁልፍ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው እያፈራረቀ አሰራቸው፣ መኪናዋን ዝቅ አደረገ፣ አዲሱን ቁልፍ አስገባና ቀስ ብሎ ሳበ። ጄሮቲች አጠገቡ ተንበረከከች። ጠቋሚዋ ሄዳ ሄዳ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ የቼቦይ ክንድ ትንሽ ልጨምር አለ። ጄሮቲች የእጁን አንጓ ያዘችው።

"ደርሷል።"

ተወው። ወደ ቀጣዩ ዳዶ አለፈ።

ታምባች ድረስ በቀስታ ወርደው የጎደለውን ዳዶ ከአንድ ጋራዥ አገኙ። ሸለቆው ሲደርሱ እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ይጠብቁ ነበር። ጄሮቲች ስትከትብ ቼቦይ ሁሉንም ጎማ ዞሮ ዳግም ለካ።

በሳምንቱ አብረው የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ቀኙን መመለስ አይቻልም ተባለ፤ ለግራው የመስሚያ መሣሪያ ተሰጠው። ቼቦይ ቤት ውስጥም ቤተ ክርስቲያንም አይለየውም። ኪፕላጋት ወሬ ሲጀምር ብቻ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል፤ ጄሮቲች ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን አዙራ ትስቃለች።