የሙባሪክ እንግዳ ክፍል

ወንድሜ ሙባሪክ ከመርካቶ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ ነው። ቡታጅራ በሠራው ቤት ውስጥ ግን ትልቁን ክፍል ቆልፎ፣ ቁልፉን ለእኔ ለእህቱ ሰጥቶ ይሄዳል። «የእንግዳ ክፍል ነው፣ ሳሌሃ፣ ማንም እንዳይገባ!» ይላል። ማን ሊገባ? እናታችን ከሞተች ወዲህ ግቢው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም በጠባቂነት።

ዘንድሮ ግን ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። «ለአረፋ ስመጣ ቤቱን ደህና ካገኘሁት ዘበኛ እቀጥራለሁ፤ አንቺ ጉብሬ ሂጂ» ብሎኛል። ጉብሬ ከተማ ጓደኛዬ ዘይባ ጸጉር ቤት ከፍታ አንዱን ወንበር ለእኔ ይዛልኛለች። በዚህ ዕድሜዬ የራሴ የምለው ነገር ቢኖር ያቺ ወንበር ናት።

በዓሉ ሲቃረብ ክፍሉን ብከፍተው፣ ወይ ጉድ! ሽታው ገፍትሮ መለሰኝ። ግድግዳው አልቦታል። ኮርኒሱ፣ ያ በብረት ፍሬም ላይ የተደረደረው ጅብሰም፣ እንዳረገዘች ላም ሆድ ተንዘርጥጧል። ሮጬ አናጺውን ሸምሶን ጠራሁት።

ሸምሶ መሰላል ላይ ሆኖ የረጠበውን እያወረደ፣ እኔ አዲሱን እያቀበልኩት፣ «ይሄም እኮ ይወርዳል» አለኝ። «መስኮቱ ተዘግቶ ከርሞ! ቤት በየቀኑ ካልተናፈሰ ያልበዋል።»

«በአላህ፣ ይቺን ለሙባሪክ እንዳትነግረው!» አልኩት። ከሰማ መስኮት ከፋች አድርጎ እንደሚያስቀረኝ አውቃለሁ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሙባሪክ ደወለ። ሸምሶን አገናኚኝ አለኝና ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩለት።

«አሰላሙ አለይኩም ሸምሶ፣ አማረ?»

«ወአለይኩም ሰላም። አማረ። ግን...» አለና አየኝ። በዓይኔ ለመንኩት። ሰውዬው ለሥራው ስም ሟች ነው። «ግን ክፍሉን በየቀኑ የሚያናፍሰው ሰው ከሌለ መልሰህ ትጠራኛለህ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን ባፈጥበት ምን ዋጋ አለው!

ሙባሪክ ሳቀ። «ለዚህማ ሳሌሃ አለችልኝ! ዘበኛ እንግዳ ክፍል ውስጥ አላስገባም! ሳሌሃዬ፣ በቃ አንቺው ግቢበት፤ እዚያው ተኚ።»

«ጉብሬስ?» አልኩት።

«ምን ጎደለሽና! እንዲህ ያለ ክፍል ተሰጥቶሽ!» ብሎ ዘጋው።

ሸምሶ ከመሰላሉ ጎንበስ ብሎ፣ ከልቡ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

ኮርኒሱ ላይ አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። እጁን ሲዘረጋ የመጨረሻውን ጅብሰም አቀበልኩት።