ከርጭት በኋላ ፓፓያ

ሐምዲያ ፓፓያውን ለሁለት ሰንጥቃ ፍሬውን በማንኪያ ስትጠርግ፣ ባሏ ሙሀሲን አልጋው ላይ ግድግዳ ተደግፎ በጭንቅ ይተነፍሳል። የሸዋ ሮቢትን የሽንኩርት ማሳ ፀረ ተባይ ኬሚካል ረጭቶ እያፏጨ ይመለስ የነበረው ሰው አሁን በር ድረስ ለመሄድ ሁለቴ ያርፋል። እኩለ ቀን ነው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ አራት ዓመት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ መሠረት የቀበሌውን ሴቶች ሰብስባ፣ «ከኬሚካሉም ከጭሱም የተነሳ ሰውነታችን ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባል ነገር ይበዛል» አለች። «አንድ ነገር የጎደለው ነው። የጎደለውን ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ሌላውን ይነጥቃል፤ እንዲህ እያለ ሰውነት ይጎዳል። አንቲኦክሲዳንት ግን ከራሱ ሰጥቶ ንጥቂያውን ያስቆማል። ፓፓያ ውስጥ አለ፣ ማንጎ ውስጥ አለ። ባሎቻችሁ ሲረጩ ደግሞ ማስክ አይለያቸው!»

ሐምዲያ የፓፓያውን ምክር ይዛ ቤቷ ገባች፤ የማስኩን እዚያው ትታው መጣች። ከዚያ ወዲህ ሙሀሲን ከርጭት በተመለሰ ቁጥር አንድ ሙሉ ሳህን ይጠብቀዋል። እሱም ፊቱን ሲቀቅለው የኖረውን ማስክ አውልቆ ጣለ። «ሐምዲያ እያለችልኝ ጨርቅ ምን ያደርግልኛል?» እያለ ጓደኞቹ ፊት ይኩራራ ነበር። እሷም፣ ምን ዋጋ አለው፣ ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ራጁን አይቶ ለብቻዋ ጠራት። ሳንባው ጠጥሯል፤ ከእንግዲህ አይድንም። የዓመታት ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም አላት። ስለ ፓፓያው ጠየቀችው።

«ፓፓያማ ጥሩ ምግብ ነው» አላት አዝኖላት። «ግን እህቴ፣ በየቀኑ በትንፋሽ የሚገባውን መርዝ አይችለውም። የማስክን ቦታ አይተካም።»

ሲመለሱ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙሀሲን ትከሻዋ ላይ ተኝቶ ነበርና እንደልቧ አለቀሰች። ቤት ከገቡም በኋላ አልነገረችውም። አንጀቷ እምቢ አላት።

ፓፓያውን ሳህን ላይ እየደረደረች ሳለ የሙሀሲን ታናሽ ወንድም አብዱልፈታህ ገባ። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከነገ ጀምሮ የወንድሙን መርጫ አዝሎ ማሳ ሊወርድ ነው።

«መርጫው ጓዳ አለልህ» አለው ሙሀሲን በየቃሉ እያረፈ። «ማስክ ምናምን... አትድከም። ሙቀቱ ይገድልሃል። ሚስትህ... ከሐምዲያ ትማር። ወላሂ፣ ይቺ ሴት ባትኖር... እኔ ድሮ ሞቼ ነበር።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለ አብዱልፈታህ ከልቡ።

የሐምዲያ እጅ ቆመ። ዝም ብትል ባሏ በእሷ እንደኮራ ይሞታል። ያቺን ኩራቱን እንኳ ልትተውለት እንዴት እንደፈለገች! ግን የአብዱልፈታህ ልጆች ደጅ ሲሯሯጡ ይሰማታል።

«ፓፓያው አይበቃም» አለች።

«ምን አልሽ?» አላት ሙሀሲን።

«አይበቃም። ሐኪሙ ነግሮኛል። አብዱልፈታህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያለ ማስክ እንዳትረጭ። መሠረት ነግራን ነበር። ሙሀሲን ሲያወልቀው እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሙሀሲን ቀና ብሎ አያት። እንዲቆጣት ጠበቀች፤ ቢቆጣት እንዴት በቀለላት! እሱ ግን ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ሰምተሃል» አለው። «ማስክ አድርግ።»

ከዚያ እጁን ወደ ሐምዲያ ዘረጋ። ያልገባት መስሎት በአገጩ ሳህኑን አሳያት። አንስታ ሰጠችው።

«ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። በየጉርሻው መሐል እያረፈ፣ ከርጭት በተመለሰባቸው ቀኖች ያደርግ እንደነበረው፣ አንዲት ቁራጭ ሳያስቀር በላላት።