በጥልቁ በኩል

በረኛው የስፖርት መምህር ለመሆን ድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀምር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኳስ ካቆመ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም ሰው ሁሉ የሚጠራው አሁንም በዚሁ ስም ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይመታል፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አንዴ ተሰብረው ጠማማ ሆነው ቀርተዋል። አብረውት የሚማሩት ከሃያ አምስት ዓመት ያልዘለሉ ልጆች ስለነበሩ "ጋሼ" ይሉታል። መጀመሪያ ቅር ይለው ነበር፤ ኋላ ግን ለመደው።

የመግቢያ ቅጹ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ "ዋና ይችላሉ?" የሚል ነበር። በረኛው ውሃ የሚያውቀው በባልዲና በዝናብ ነው። ነገር ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በአየር ላይ ሲወረወር የኖረ ሰው "አልችልም" የሚለው ላይ ምልክት አድርግ ቢሉት እጁ እሺ አላለውም። ሁለት ዓመት አለኝ፣ እስከዚያ እለምዳለሁ ብሎ አሰበና "አዎ" የሚለው ላይ አደረገ።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። የዩኒቨርሲቲው መዋኛ ገንዳ ሰድሩ ረግፎ ሲጠገን ከረመ፤ ዋናም የተማሩት ክፍል ውስጥ በጠመኔና በሰሌዳ ነው። የሚያስተምሯቸው ተማሪዎቹ "ዶክተሯ" የሚሏቸው ጸጉራቸው የሸበተ ቀልጣፋ ሴት ነበሩ። እሳቸው "ለስምንት ዓመት ልጆች የመጀመሪያ ቀን የዋና ትምህርት ዕቅድ ጻፉ" ባሉ ጊዜ በረኛው ሦስት መጽሐፍ አገላብጦ፣ በማስመሪያ አስምሮ፣ ደቂቃውን ሁሉ ቆርጦ አቀረበ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ፈተና ሲደርስ ልጆቹ ይከቡታል።

"ጋሼ፣ የትንፋሹን ነገር እስኪ አንዴ አስረዳን።"

እሱም ሁለት ወንበር ገጥሞ በሆዱ ይተኛና እጁን እያወናጨፈ ያሳያቸዋል። "ዋናው ነገር ዋና ነው!" ይላል አንዱ ቀልደኛ፤ ሁሉም ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሱን ግን ገና ሳይገባበት ወሰደው።

በሁለተኛው ዓመት ገንዳው ተከፈተ። በረኛው ጆሮውን አመመው። በሳምንቱም አመመው፣ በሚቀጥለውም። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠብታ አመጣችለት። እሱም "አመሰግናለሁ፣ የኔ እመቤት" እያለ ተቀብሎ ከአሮጌ የኳስ ጫማው ኋላ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ ሦስቱንም ጠርሙስ ማኅተማቸው እንኳን ሳይነካ አገኘቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸውና እስኪመጣ ጠበቀችው።

"የታመመው ጆሮህ ነው ምላስህ?" አለችው።

የቅጹን ነገር ነገራት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ከኪሱ ያወጣውን ደብዳቤ አየችና ሳቋ ቆመ። የማስተማር ልምምዱን የሚያደርግበት ትምህርት ቤት ተመድቦለታል። ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ በቅጹ መሠረት።

"ነገ ጠዋት ገብተህ ንገራቸው።"

"እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ይለፍና..."

"ምኑ ነው የሚያልፈው? ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የሰው ልጅ ሕይወት ነው።"

"ጥግ ላይ መቆም ብቻ ነው። ማን ያውቃል፣ ውሃው ጉልበቴ ድረስ እንኳን አይደርስም ይሆናል።"

ጠርሙሶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ ጠዋት ሄደ። የትምህርት ቤቱ ገንዳ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ድምፅ ሁሉ ከጣሪያው ጋር ተላትሞ ይመለሳል። የዋና አሰልጣኟ አጭር፣ ፈጣን፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። በአክብሮት ተቀበለችው።

"እግዜር ነው ያመጣዎት፤ ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ። አሥራ ሁለት ልጆች አሉ። ስድስቱ ጀማሪዎች ናቸው፣ እነሱን እኔ እይዛለሁ። ስድስቱ ይችላሉ፤ ጥልቁ በኩል ጠርዙን ተከትለው ይዋኛሉ፣ እርስዎ ከላይ ሆነው ያዩልኛል። ከደከማቸው ይህን ዘንግ ያቀብሏቸው። ካልሆነም ያው ይገባሉ።"

"ያው እገባለሁ" አለ በረኛው። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ዘንጉን ይዞ ጥልቁ በኩል ቆመ። ውሃው ከታች ጠቁሮ ይታያል። ስድስቱ ልጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እየተንቀጠቀጡ ተሰለፉ። መጨረሻ ላይ የቆመችው መነጽሯ ግንባሯ ላይ የተሰካ ቀጭን ልጅ ነበረች። እጅጌውን ሳብ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ምስጢር ልንገርህ?"

ጎንበስ አለላት።

"እኔ አልችልም። እችላለሁ ያልኩት ከጓደኛዬ እንዳልለይ ነው። እንዳትናገርብኝ፣ እሺ?"

"ታዲያ እንዴት ልትገቢ ነው?"

"ጠርዙን ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬና ነገ እንደዚያ ካደረግሁ፣ እስከዚያ እለምዳለሁ።"

በረኛው ቀና አለ። እዚያ ማዶ አሰልጣኟ ፊሽካዋን ወደ አፏ አስጠጋች። የመጀመሪያው ልጅ ጉልበቱን አጠፈ።

"ቁም!"

ተከላካዮቹን ያዝበት የነበረው ድምፅ ነው የወጣው፤ አዳራሹ ደገመው። ልጆቹ ደርቀው ቀሩ። አሰልጣኟ ሮጣ መጣች።

"ምን ሆነ?"

"ይቺ ልጅ ዋና አትችልም" አለ። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየው ተሰማው፤ እሱ ግን አላያትም። "እኔም አልችልም።"

"ምን አሉኝ?"

"ዋና አልችልም። ችዬም አላውቅም፣ ገብቼበትም አላውቅ። ቅጹ ላይ ውሸት ነው የሞላሁት።"

አሰልጣኟ ወደ ልጆቹ ዞረች። አሥራ ሁለቱንም ልጆች ከውሃው አርቃ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው፣ ፎጣ አለበሰቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

"እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምሠራው" አለች ቀስ ብላ። "ይገባዎታል? እርስዎን አምኜ ጀርባዬን ልሰጥ ነበር።"

ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። በበሩ ሲያልፍ ልጅቷ ፎጣዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ታለቅስ ነበር። ምስጢሯን ያወጣባት ትልቅ ሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አግኝቷት አያውቅም፤ ይቅር ትለዋለች ብሎም አያስብም።

ዶክተሯ በማግስቱ አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ የአሰልጣኟ ሪፖርትና የመግቢያ ቅጹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"የልምምድህ ጊዜ ተሰርዟል" አሉት። "ከጓደኞችህ ጋር አትመረቅም፤ አንድ ዓመት ትቆያለህ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም በማኅደርህ ውስጥ ይገባል። ማባረርም ይቻል ነበር። ያልተባረርከው ራስህ ስለተናገርክ ነው፣ እሱንም በመጨረሻዋ ደቂቃ።"

"ይገባኛል፣ ዶክተር።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም።" ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ፤ አንደኛ ያወጣው የትምህርት ዕቅድ ነበር። "ይህን ትናንት ድጋሚ አነበብኩት። ያኔ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። 'ፊትን ውሃ ውስጥ መንከር፣ ሁለት ደቂቃ' ይላል። ውሃ የነካ ሰው እንዲህ አይጽፍም። እኔም ማርክ ስሰጥህ ያየሁት መስመርህን ነው። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።"

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት "አንድ ዓመት!" ብላ ራሷን ያዘች። ጥቂት ቆይታ ግን ትከሻውን በቡጢ ነካ አድርጋ "ይሁን፤ ዓመት ነው፣ ዕድሜ ልክ አይደለም" አለችው።

የጀማሪዎች ዋና ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይሰጥ ነበር። ከተማው ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች የምታስተምረው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ያቺው አሰልጣኝ። በረኛው ሲገባ አየችው፣ ስሙን መዝገቧ ላይ ጻፈች፣ "ከመጨረሻው ተራ ይቁሙ" አለችው። አብረውት የሚማሩት ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅና አንድ ወሬ የማያልቅበት ፀጉር አስተካካይ ነበሩ።

ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ውሃው አፍንጫውን ሲነካው መላ ሰውነቱ ይሸሻል፤ እግሩ ወለሉን ይፈልጋል። አዋላጇ በሦስተኛው ቀን ተንሳፍፈው በጀርባቸው ጣሪያውን እያዩ ነበር። "ና እንጂ፣ ልጄ" ይሉታል፤ "ሰው ሁሉ ከውሃ ነው የወጣው፤ እኔ ነኝ ያየሁት።" ፀጉር አስተካካዩ ይስቃል፤ በረኛው ግን ለመሳቅ እንኳን አፉን ለመክፈት ይፈራል።

ከሁሉ የባሰው እጁ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሚመጣውን መያዝ ነው የተማረው፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሚያዝ ነገር የለም። ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ ባዶውን ይዘው ይሰምጣሉ። በአምስተኛው ሳምንት አሰልጣኟ ራሷ ገባች። ጠማማዎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸው።

"ውሃ አይያዝም" አለችው። "ይልቀቁት። እሱ ይይዝዎታል።"

ጭንቅላቱን በመዳፏ ደግፋ ቆየች። መቼ እጇን እንዳነሳች አላወቀም። ባወቀ ጊዜ ደነገጠና ውሃ ጠጣ፤ እያሳለ ቀና ሲል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ አያት።

በዓመቱ መጨረሻ ገንዳውን አራት ጊዜ ተመላልሶ ይዋኝ ነበር፤ አያምርም፣ ግን ይደርሳል። ልምምዱን እንደገና ሲጀምር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አልሄደም። አሰልጣኟ ራሷ እሱ እንዲመደብላት ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፋ ጠየቀች። ከእሷ ጋር ሁለት ወር ሠራ፤ ምስጢሯን ያወጣባት ልጅ ግን ትምህርት ቤቱን ለቃ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ እንደገና ሲጽፍ ፊት ከመንከር ጎን ደቂቃ የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ተወው፤ ዶክተሯም ባዶውን ቦታ አይተው ፈረሙበት።

ተመርቆ የተቀጠረበት ትምህርት ቤት ገንዳ የለውም። አንድ ሜዳ፣ ስምንት የተላጠ ምንጣፍና ጥቂት ኳሶች ነው ያለው። በመጀመሪያው ሳምንት በእጅ መቆም ማስተማር ነበረበት። ልጆቹ ምንጣፉን ከበው ሲጠብቁት በዚያ ቁመቱና በዚያ ወገቡ እንደማይሆንለት ያውቀዋል።

"ይህን እኔ አልችልም" አላቸው። "እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደምደግፋችሁ ግን አውቃለሁ። የሚችል አለ?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምህር እንዲህ ሲል ሰምተው አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ወፍራም፣ ዝምተኛ ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አነሳች። ማንም ከእሷ አልጠበቀም። ጫማዋን አወለቀች፣ መዳፏን ምንጣፉ ላይ አስተካከለች፣ እግሯም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። በረኛው ቁርጭምጭሚቷን ሳይነካ በሁለት እጁ ዙሪያውን ከቦ ቆመ።

"ትከሻዋን እዩ" አለ። "ቀስ ብላችሁ ተጠጉ፣ እዩ።"