ቁልፍ ያለው ክዳን

ቬርሊን የተናቀባትን ቀን የማይረሳ ሰው ነው። ጎረቤቱ ኦሪን በልጅነታቸው ባርኔጣውን ከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ መጣሉን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲመረጥ እጁን ለሌላ ማውጣቱን፣ ሁሉንም እንደ ዘር ስንዴ ለይቶ አስቀምጦታል። ያም ሆኖ ዶሚኖ ሲጫወቱ ዕድሜ ልካቸውን ጥንድ ነበሩ። ከሚስቱ ከላቮን ሌላ ቬርሊንን የሚያስቀው ሰው ቢኖር ኦሪን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ቤንዚን አጣላቸው። የቬርሊን አሮጌ ፒካፕ ሁለት የቤንዚን ሰልባትዮ አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የኋለኛው ልክ የሚያሳየው ጌጅ ባዶ ላይ ደርቆ ከቀረ ቆይቷልና ትቶታል፤ የሚሞላውም የሚነዳውም በፊተኛው ነው። በጸደይ ከፊተኛው ቤንዚን ይጎድል ጀመር። ማታ ሲገባ ጌጁን አያይም፤ ጠዋት ሲነሳ መርፌዋ ወርዳ ያገኛታል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ከኦሪን ቤት በቀር ቤት የለም። ታዲያ ማን ይሁን?

በምዕራብ ካንሳስ የመኪና ቁልፍ እንደተሰካ ያድራል። የቸገረው ጎረቤት ቢወስዳትም ሞልቶ ይመልሳታል። ቬርሊን ግን ከተማ ወርዶ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዝቶ ፊተኛው ላይ ገጠመ። ኦሪን ሲያልፍ አየው። ከዚያ ወዲያ ለዶሚኖ ዳግመኛ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንኳ ለሰላምታ ጣቱን ከመሪው አያነሳም። በዚያ አገር ይህ ከጥፊ ይቆጠራል።

«አኩራፊ ሌባ!» አለ ቬርሊን። ነገር ግን ዶሚኖው አቧራ ሲለብስ እያየ ራቱ አልዋጥልህ ይለው ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ የመከር ምሳ ዕለት በክዳኑ ተማምኖ ፊተኛውን ጢም አድርጎ ሞላ። ላቮን የጋገረችውን የቼሪ ፓይ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ቤንዚን ይሸታል» አለች መንገድ ላይ።

«የኦሪን ማሳ ነው የሚሸተው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ፣ ወንዶቹ ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ ፒካፗ ሁለቴ ስላ ጸጥ አለች። ከኋላዋ እርጥብ መስመር ተዘርግቷል። ኦሪን መስመሩን በዓይኑ ተከትሎ መጣ።

«ቬርሊን፣ መኪናህ ሸናች።»

ቬርሊን ወርዶ አየ። ከኋለኛው ሰልባትዮ አፍ ቤንዚን ይንቆረቆራል፤ ፊተኛው ደርቋል። ኦሪን ተጎንብሶ ከሥር አንድ ቫልቭ በሰንጢው እጀታ መታ መታ አደረገ።

«ይኸው ጉዱ! ሞተሩ የተረፈውን ወደ ቀዳበት የሚመልሰው ይሄ ነው። ነክሶ ቀርቷል፤ አይዞርም። ከፊት ትቀዳለህ፣ ትራፊውን ኋላ ይገለብጥልሃል።» ቀና አለና ሱሪውን አራገፈ። «እንግዲህ እኔ ሌባው በየሌሊቱ ቁልፍህን ሰርስሬ፣ ከፊትህ እየቀዳሁ ኋላህ ላይ ስሞላልህ ከረምኩ፤ አይደል?»

ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቬርሊን ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህችንም ስድብ ከዘር ስንዴው ጋር አስቀምጦ ቤቱ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን ሳይወድ በግድ ሳቅ አፈነዳው።

«ደግሞ እንደዚህ እያፈሰስክ! ለሌብነትም ጥንቃቄ የለህም እኮ አንተ!»

ኦሪን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የፒካፗን ጎን ይደበድብ ጀመር።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ ፓዩ ቀዘቀዘ!» አለች ላቮን፤ ዓይኗን ግን እየጠረገች ነበር።

ከምሳ በኋላ ቬርሊን የሰልባትዮ መቀየሪያውን ወደ ኋለኛው ገለበጠ። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ኦሪን ሳይጠራ ገብቶ ላቮንን ወደ መሃል ገፋ አደረጋት።

«ወዴት ነው?» አለ።

«አንተ ገንዳ ጋ። የምጥለው ነገር አለኝ።»

«ባርኔጣህን እስከ ዛሬ አልረሳህም?»

«አልረሳሁም። ልረሳም አልፈልግ።»

ባርኔጣው በሰጠመበት ገንዳ ዳር ቆሙ። ቬርሊን ክዳኑን ከነቁልፉ ወረወረው። ጎንበስ ብሎ ክዳኑ ሲሰጥም ሲመለከት፣ ኦሪን ከኋላው የደፋውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ መንጭቆ ገንዳው ውስጥ አስከተለለት።